ኒንጃው ቤቴ የተመላለሰበት ሳምንት

ጌታነህ ሞተ ብለው የነገሩኝ በስልክ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የምሳ ብሬክ ላይ ነበርኩ፤ የእድራችን ጸሐፊ ደወለና «ጋሽ ወርቁ፣ ጌታነህ ዐርፏል፣ ቀብሩ ሐሙስ ነው፣ ለሌሎቹም ይንገሩ» ብሎ ዘጋ። ማንም ተሰብስቦ አልመጣም፤ ማንም ቁጭ በል አላለኝም። ዘመዱ አይደለሁማ። እንዲያውም ብዙው ሰው የማልወደው ይመስለዋል። ልክ ነው፣ አልወደውም ነበር። እቀናበት ነበር። ስለ ሟች እንዲህ አይጻፍም ይሉኛል። እኔ ግን ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ አሳምሬ መጻፍ አላውቅበትም።

በጥፊ መትቼዋለሁ። ይቅርታ አላልኩትም። አሁን ሞተ። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው እንዴት እዚያ እንደደረስን ነው።

ጌታነህ እዚህ ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ ከተማ ውስጥ ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ ነበር የሚኖረው። አጭር፣ ቀጭን፣ ሃምሳን ያለፈ ሰው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። በሥራ ቀን በሽተኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፤ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎችን ወስዶ፣ ደማቸው ታጥቦ እስኪወጡ ጠብቆ፣ ቤታቸው ይመልሳል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ክሪስታል በምትባለው ጎረቤት ከተማ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ የሐበሻ ልጆችን ኒንጃ ያስተምራል። አዎ፣ ኒንጃ። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የውጭ አገር ሰው ተማርኩ ይላል፤ እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም። ልጆቹ «ኒንጃው» አሉት፣ ወላጆቹም ተከተሉ፣ በዚያው ቀረ።

መጀመሪያ ያናደደኝ አረማመዱ ነው። እዚህ አገር በዊንተር በረዶ ላይ ስትሄድ ጫማህ ይጮሃል፣ ሰው መምጣትህን ያውቃል። እሱ ድምፅ የለውም። ዞር ስትል አጠገብህ ቆሟል።

«ምነው ጌታነህ፣ እንደ ሰው ሳል እንጂ!» እለዋለሁ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ቀጥሎ የበረዶው ነገር መጣ። እኔ በስልሳ ስድስት ዓመቴ ደጄን የምዝቀው ራሴ ነበርኩ። ልጄ ሰላም ከኩን ራፒድስ እየደወለች «ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ሰው ቅጠር፣ ልብህን አስብ» ስትለኝ እቆጣ ነበር። አንድ ጧት አካፋዬን ይዤ ብወጣ ደጄ ጥርግ ብሏል። በረዶ የሚያሟሟው ጨው ሁሉ ተበትኖበታል።

«ማነው ደጄን የነካው?» አልኩ።

ባለቤቴ አስካለ መስኮቱ ጋ ቆማ «መልአክ ይሆናላ» ብላ ሳቀች።

«መልአክ ጨው ይበትናል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ተዛቀልህ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«መልአክ» ስትል የምታየው ሁለት በር ማዶ ወዳለው ቤት ነበር። እኔን እንዲያ አድርጋ ያየችኝ መቼ እንደሆነ ባስብ ባስብ አልመጣልህ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በረዶ በጣለ ቁጥር ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ መጋረጃ ገልጬ እጠብቀው ጀመር። አየሁትም። እንደ ጥላ መጥቶ ዝቆ ይሄዳል። ወጥቼ «ተው» አላልኩትም። ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ ውስጥ የሚወራው ጌታነህ ሆነ። ጌታነህ የእገሊትን መድኃኒት በር ላይ አንጠልጥሎላት ሄደ። ጌታነህ የእገሌን ጎማ ቀየረ፣ ማንም ሳያየው።

«ማንም ካላየው አንቺ እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«ቀናህ እንዴ?»

«በዚህ ላይ? ጥቁር ፒጃማ ለብሶ ከልጅ ጋር በሚዘል ሰው ላይ?»

ቀንቼ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጉዱን ልይ ብዬ ክሪስታል ሄድኩ። ሰይፍ አያለሁ፣ ጭስ አያለሁ ብዬ ነበር። ሃያ የሚሆኑ ልጆች በካልሲ ተሰልፈዋል። አንድ የሚንቋቋ አሮጌ በር አለ። ተራ በተራ ከፍተው ይገባሉ፣ ዘግተው ይወጣሉ። በሩ ከጮኸ እንደገና። አንድ ሰዓት ሙሉ በር! ቀጥሎ አንዱ ልጅ ይተኛል፤ ሌላው እስከ አፉ የተሞላ ብርጭቆ ውሃ ራስጌው አስቀምጦ ይመለሳል። የተኛው ከሰማ እንደገና።

ሲጨርሱ «ኒንጃ ማለት ይኸ ነው?» አልኩት። «የፊልሙ የታለ?»

ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሳቀ። «ጋሼ፣ የድሮው ኒንጃ ጌታው ልኮት ሰው ቤት ይገባል፤ ገድሎ ወይ ሰልሎ ይወጣል። እኔ ዛሬ ሚኒሶታ ላይ ማንን ልግደል? መግባትና መውጣቱን ያዝኩ፣ ግድያውን ተውኩት።»

«ገብተህ ታዲያ ምን ልትሠራ?»

«ያለውን ሥራ። ዕቃ ያልታጠበ ካለ ዕቃ ማጠብ።»

«እንግዲያ ኒንጃ ማለት የቤት ሠራተኛ ነው በለኛ!»

«ደሞዝ የሌላት» አለ። ከዚያ ሳቁን ተወ። «ደግሞ መታየት የለባትም። ካዩህ ያመሰግኑሃል፤ አንዴ ካመሰገኑህ በሚቀጥለው የምትመጣው ለምስጋናው ነው። ያኔ አበቃልህ።»

በልቤ «ሲመጻደቅ!» አልኩ። ሰው እንዴት ምስጋና አይፈልግም? እኔ እፈልጋለሁ። ደጄን ዝቄ ስገባ አስካለ «በርታ» እንድትለኝ እፈልግ ነበር። እሱን አይደል የወሰደብኝ!

ሌላም የወሰደብኝ ነገር አለ። በእድራችን መርዶ የምናገረው እኔ ነበርኩ። መርዶ እዚህ አገር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሰው ሁሉ ሺፍት ላይ ስለሆነ፣ አገር ቤት ያለው ዘመድ ሰኞ ቢሞት መርዶው የሚነገረው ቅዳሜ ጧት ነው። እስከዚያ ሐዘንተኛው በስልክም በመንገድም እንዳይሰማ መጠበቅ አለበት። እኔ ድምፄ ጎርናና ነው፣ ችኩልም ነኝ። አንዴ ደረጃ ላይ ሆኜ፣ ሰዎቹ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ «እናትሽ ሞታለች» ብዬ ለአንዷ ነገርኳት፤ ወደቀች። ከዚያ በኋላ እድሩ ሥራውን ለጌታነህ ሰጠው። ያማል እንዲህ ያለው።

ያ ሳምንት የመጣው እዚህ ከተማ ወንዙ ላይ የነበረው ትልቁ የመኪና ድልድይ ከመውደቁ በፊት በነበረው ዊንተር ነው። ሰኞ ዕለት ታላቅ ወንድሜ ሙላቱ ደብረ ብርሃን ላይ ሞተ። ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ሲሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አዝሎ ያሳደገኝ እሱ ነው። የተደወለው ለልጄ ለሰላም ነው፤ ሰላም ለእናቷ ነገረች፣ እናቷ ለጌታነህ። ፍሪድሊ፣ ክሪስታል፣ ኩን ራፒድስ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰማ። ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንደኔ እንዳትሳሳቱ ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ጌታነህ ኩሽናዬ ውስጥ ተቀምጧል። የቤቱ ስልክ ተፈታቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እኔ ያኔ ሞባይል አልያዝኩም፤ ያለን ስልክ እሱ ነው። ስገባ ጨዋታቸው ተቋረጠ። የአስካለ ዓይን ቀልቷል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሽንኩርት» አለች።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ሽንኩርት የለም፣ ቢላዋ የለም፣ ምድጃው ላይ ድስት የለም።

«ስልኩ አልሠራ ብሎ ነው ጋሼ» አለ ጌታነህ። «እስከ ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ።»

«ደግሞ ስልክ መቼ ተማርክ?»

«እየሞከርኩ ነው።»

ረቡዕ ጧት መኪናዬ አልነሳ አለች። ትናንት ደህና የነበረች መኪና! ኮፈኑን ሳልከፍት ጌታነህ ከነቫኑ ደጄ ቆሟል። «ብርዱ ነው ጋሼ፣ ይግቡ ላድርስዎት» አለኝ። ገባሁ፤ ሥራ አይቀር ነገር። ከኋላ አንዲት የፈረንጅ ባልቴት ተቀምጣለች፣ ደሟን ልታሳጥብ የምትሄድ። እሱን በጣቷ እያሳየች፣ እጇን ልቧ ላይ አድርጋ፣ የሆነ ነገር አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው፣ ግን ገባኝ። ፈረንጇም ሳትቀር!

ሐሙስ ሐሙስ ሽሮና በርበሬ የምገዛበት የሐበሻ ሱቅ አለ። «ዛሬ ይቅርብህ፣ ቤት ውስጥ ሞልቷል» አለች አስካለ። እንዲያ ስትለኝ ጭራሽ ባሰብኝ፣ በባስ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ስገባ ወሬ ጸጥ አለ። ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ።

«አይ ጋሽ ወርቁ፣ እግዜር ያ…»

«እግዜር ያክብርልን በላቸው!» አለ አንድ ድምፅ ከዱቄቱ መደርደሪያ ጀርባ። ጌታነህ ነው። «በዚህ በረዶ በባስ የሚመጣ ደንበኛ ከየት ይገኛል? ይልቅ ያን አዲስ የገባውን ሽሮ አውጣላቸው።»

ባለሱቁ ላብ በላብ ሆኖ ተመልሶ ገባ። እኔ ባለሱቁን መቼ አየሁት! እኔ ያየሁት ጌታነህን ነው። ይከታተለኛል አልኩ። የት እንደምሄድ፣ መቼ እንደምመለስ፣ ቤቴ መቼ ባዶ እንደሚሆን ያጠናል። ኒንጃ አይደል!

ዓርብ በረዶው በርትቶ ፋብሪካው በጊዜ ለቀቀን። አንድ የሥራ ጓደኛዬ መንገዱ ጫፍ አወረደኝ። ፓርኪንጉ ውስጥ የጌታነህ ቫን ቆሟል፤ ሞተሩ ይሠራል፣ መስኮቱ በላብ ተሸፍኗል። ጠጋ ብዬ ባይ አስካለ ፊት ወንበር ላይ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ታለቅሳለች። እሱ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል፤ በአንድ እጁ የወረቀት መሐረብ ካርቶን ይዞላታል።

በሩን በረገድኩት። «ውረጂ!»

«ወርቁ…»

«ውረጂ ብያለሁ!» ዞሬ እሱንም ጎትቼ አወረድኩት። «አንተ የሰው ቤት ሰባሪ! ኒንጃ ማለት ይኸ ነው? የሽማግሌ ሚስት መስረቅ?»

መታሁት። በጥፊ፣ በቀኝ እጄ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ያ ሰው ዝንብ በአየር ላይ የሚይዝ ሰው ነው። የአንድ ሽማግሌ እጅ ሲመጣ አላየም አይባልም። አየው። ዝም ብሎ ፊቱን ሰጠኝ። የጎረቤት መጋረጃ ሲገለጥ ታየኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ የማታውቀውን…» ብላ አስካለ ጀመረች። ጌታነህ ቀና ብሎ አንዴ አያት። አፏን ዘጋች።

«እትዬ አስካለ ምንም አላጠፉም» አለኝ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከፈለጉ ይድገሙኝ።»

«ከደጄ ጥፋ!»

ሄደ። ያን ዕለት እንኳ ጫማው አልጮኸም።

ቅዳሜ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ቄሱ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ልጄ ሰላም፣ ወደ ሃያ ሰው ነው። እኔ ስንት ዓመት መርዶ የተናገርኩ ሰው፣ ይህን ያህል ሰው በጧት ሲገባ ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። አላወቅኩም። በጥፊው ምክንያት ለሽምግልና የመጡ መሰለኝ። አስታራቂ ላከብኝ አልኩ። እነሱ ቃል ሳይተነፍሱ እኔ ጀመርኩ።

«ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ! አልታረቅም! ይህ ኒንጃ ነኝ ባይ አራት ቀን ሙሉ ቤቴን ሲያንኳኳ፣ ሚስቴን በመኪና ሲደብቅ…»

ያልተናገርኩት የለም። አስካለ ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷን ሸፈነች። ሰላም «ዳዲ፣ ስቶፕ፣ ፕሊስ ስቶፕ» እያለች እጄን ትጎትታለች። ሰዉ መሬት መሬት ያያል። እኔ ያፈሩ መስሎኝ ጭራሽ ጮህኩ።

ቄሱ ጠብቀው ጠብቀው ትንፋሽ ስወስድ «ወርቁ» አሉኝ። «ለዚያ አይደለም የመጣነው ልጄ። ወንድምህ ሙላቱ ዐርፏል።»

ወደ ኋላዬ ወደቅኩ። ወለሉን ግን አልነካሁም። ከኋላዬ ሁለት እጅ በብብቴ ገብቶ ያዘኝ፤ ቀስ አድርጎ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ማን እንደሆነ ሳላይ አውቄዋለሁ። መቼ ገባ? በየት ገባ? ያልኩትን ሁሉ እዚያው ከኋላዬ ቆሞ ሰምቷል። ዞር ስል ጉንጩ አበጥ ብሎ አየሁት። ከዚያ ሰዉ እላዬ ላይ መጣ፣ ለቅሶው ቀለጠ፣ ሲበርድ ጌታነህ የለም።

ስልኩን የፈታው አገር ቤት እንዳልደውል ነው። የመኪናዬን ባትሪ ሽቦ የነቀለው ሐበሻ ወዳለበት እንዳልሄድ ነው። ቫኑን ደግሞ አስካለ ነገረችኝ።

«እኔም ወንድምህን እወደው ነበር ወርቁ። ቤት ውስጥ ባለቅስ ታየኛለህ፤ እንባዬን የት ላድርገው? ጌታነህ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ቫኑ ውስጥ አልቅሺ አለኝ። እሱ አንዴ እንኳ ዞሮ አላየኝም።»

ለቅሶው ቤቴ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ዕቃ ይታጠባል፣ የእንግዳ ጫማ ይደረደራል፣ ደጁ ይጠረጋል፤ ማን እንደሚያደርገው ለሰው አይታይም። እኔ አየዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ቅናቴ ለቀቀኝ ብል ውሸቴን ነው። ባሰብኝ። ሌባ ቢሆን በተሻለኝ፤ ሌባ ከሆነ እበልጠዋለሁ። አሁን በምን ልብለጠው? ይቅርታውን ለመጠየቅም ልቤ እየፈቀደ ምላሴ እንቢ አለ። ለፋሲካ ሞከርኩ። «ጌታነህ፣ ያን ዕለት…» ስለው «ጋሼ፣ ቫኑን ሳልዘጋ ትቼዋለሁ» ብሎ ሹልክ አለ። በሰርግ ቤት ሞከርኩ፤ አፌን ስከፍት ወንበሩ ባዶ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ባመለጠኝ ቁጥር ደስም ይለኝ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

መታመሙን ማንም አላወቀም። ሌላውን ሰው ሐኪም ቤት እያደረሰ እሱ በጎን በኩል ገብቶ ሲታከም ነበር አሉ። ከሞተ በኋላ ነው የሰማነው። ያን ጊዜም አይቻለሁ ብል ነው የሚያምርብኝ፤ አላየሁም። ከስቶ ነበር፣ ስፖርቱ ነው አልኩ።

ለቅሶው ሴንት ፖል፣ ታላቅ እህቱ ዘነበች ቤት ነበር። ሰዉ ከደረጃው አልፎ መንገድ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? እኔ ስሞት ይህ ሁሉ ሰው አይመጣም። ይህን ነው ያሰብኩት። ገብቼ ዘነበች አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ ይናገራል። አንዱ ጌታነህ እንዲህ አደረገልኝ ይላል፣ ሌላዋ ለካ እሱ ነበር ትላለች። እኔ ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ። ለእኔ ብቻ የተደረገ ይመስለኝ የነበረው ለሁሉም ተደርጓል።

ብድግ አልኩ። «እኔ በጥፊ መትቼዋለሁ» አልኩ።

አስካለ ካፖርቴን ይዛ ጎተተችኝ። አልተቀመጥኩም።

ዘነበች ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ ጋሽ ወርቁ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ስለ እርስዎ አጫውቶኛል» አለች። «'በዚህ ሁሉ ዓመት ስገባ ስወጣ ያየኝ አንድ ሰው ብቻ ነው' ይለኝ ነበር። 'በረዶ ስዝቅ መጋረጃ ገልጦ ያየኛል፣ ሱቅ ስደበቅ ያየኛል። ከዚያ ሽማግሌ ማምለጥ አልቻልኩም' እያለ ይስቃል። ጥፊውን ግን አልነገረኝም። ወንድሜን መቱት?»

«መታሁት።»

እሱ ቢሆን ገና «ያን ዕለት» ስል ቫኑን ሰበብ አድርጎ ይወጣ ነበር። እሷ አልተነሳችም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ቅናቴን፣ የሌለውን ሽንኩርት፣ ፊቱን እንዴት እንደሰጠኝ፣ በሰው ፊት ምን ብዬ እንደሰደብኩት፣ እሱ ከኋላዬ ቆሞ እንዴት እንደያዘኝ። ይቅርታ አልኩ። ድምፄ ጎርናና ነው፣ ደረጃው ላይ ያሉትም ሰሙ።

«ይቅር ለእግዜር» አለችኝ። እጄን ግን አልያዘችም፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ወንድሟ ነው። እኔም ወንድም ነበረኝ፣ አልተቀየምኳትም። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ሦስቱንም ቀን ከአጠገቧ አልተነሳሁም።